ያልተሰማ አልበም እንዴት ይተቻል?

ቴዎድሮስ ካሳሁን (ቴዲ አፍሮ) «ኢትዮጵያ» ብሎ የሰየመውን አልበም በ2009 ዓ.ም. ሲያወጣ፣ በጋዜጣውም በሬዲዮውም በማኅበራዊ ሚዲያውም ለሳምንታት ሌላ ወሬ አልነበረም ማለት ይቻላል። ስለ አገር አንድነት ተጻፈ፤ ስለ ዐፄ ቴዎድሮስ ተከራከርን፤ አልበሙ በቢልቦርድ የዓለም ሙዚቃ ሰንጠረዥ አንደኛ መውጣቱ ተዘገበ፤ የምረቃ ዝግጅቱ በፖሊስ ሲከለከል ደግሞ ሌላ ዙር ጽሑፍ ተከተለ። ከእነዚያ ጽሑፎች ብዙዎቹን አንብቤአለሁ። ከመካከላቸው ስለ አንዱ ዘፈን ቅኝት፣ ስለ ምቱ፣ ቤዝ ጊታሩ ከድምፃዊው ሥር ምን እያለ እንደሚሄድ፣ ወይም አዝማቹ ሲመለስ ቅንብሩ ምን ጨምሮ እንደሚመለስ የነገረኝን ግን አላስታውስም። አልበሙ እንደ መጽሐፍ ተነበበ፤ እንደ ሙዚቃ የሰማው ሰው ካለም የሰማውን አልጻፈልንም።

ስለ መጥፎ የሙዚቃ ሂስ ሲነሣ ብዙ ጊዜ የምንከራከረው በምስጋናና በነቀፋ መጠን ላይ ነው። አንዱ ወገን ሐያሲው ለዘፋኙ አጨበጨበለት ይላል፤ ሌላው በምቀኝነት አጣጣለው ይላል። እኔ እንደሚመስለኝ ጉድለቱ ከዚያ አስቀድሞ ይጀምራል። የሚያመሰግነውም የሚነቅፈውም ጽሑፍ አልበሙን ሳይሰሙ ሊጻፍ የሚችል ነው፤ የግጥሙን ወረቀትና የዘፋኙን የሕይወት ታሪክ ይዞ የተቀመጠ ሰው፣ አንድም ዘፈን ሳይከፍት፣ ያንኑ ዳሰሳ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሊያወጣው ይችላል። መጥፎ የምለው ሂስ ይህንን ነው። ጨካኝ ሆኖ በትክክል የሰማ ሐያሲ ዘፋኙን ሊያሳዝነው ይችል ይሆናል እንጂ አይጎዳውም፤ ሳይሰማ ያመሰገነው ግን ምንም አልሰጠውም።

ለዚህ ያደረሰን ሙዚቃን መናቅ አይደለም፤ እንዲያውም ከምንኮራበት ነገር የመጣ ነው። ቅኔ በሚወደድበት አገር ያደገ ጆሮ ቃል ሲሰማ መጀመሪያ የሚፈልገው ወርቁን ነው። አዝማሪ በሠርግ ቤትና በጠጅ ቤት አንድ ስንኝ ሲያወርድ «ምን ማለቱ ይሆን?» የሚለው ጥያቄ የደስታው ግማሽ ነው። በዘውዱም በደርግም ዘመን የዘፈን ግጥም በሳንሱር ዓይን ያልፍ ስለ ነበር፣ ለፍቅረኛ የተዘፈነውን ለአገር፣ ለራቀ ወዳጅ የተዘፈነውን ለታሰረ ሰው አድርጎ መስማት የአድማጩ ልማድ ሆነ። ይህ ልማድ ጥበብ ነው፤ ሊናቅ አይገባውም። ነገር ግን የአልበም ዳሰሳ ከዚህ ልማድ ሌላ መሣሪያ ሳይዝ ሲቀር፣ አሥራ አራት ዘፈን የያዘ ሥራ ወደ አሥራ አራት ግጥም፣ ግጥሙም ወደ መልእክት፣ መልእክቱም ወደ ወገን ያንሳል። በ2004 ዓ.ም. የዚሁ ዘፋኝ «ጥቁር ሰው» ሲወጣ ክርክሩ በአብዛኛው ስለ ዐፄ ምኒልክ ነበር። ስለ ዐፄ ምኒልክ መከራከር የራሱ ቦታ አለው፤ የሙዚቃ ሂስ ነው ብሎ ማቅረቡ ግን ሙዚቃውን ከሠሩት ሰዎች ድካም መሻገር ነው።

በግጥም ብቻ የሚመዝን ሐያሲ የሚፈተነው ትዝታ ላይ ነው። የትዝታ ስንኞች ከአንዱ ዘፋኝ ወደ ሌላው የሚዘዋወሩ፣ እንደ ሁኔታው የሚቀጠሉና የሚቀነሱ የጋራ ሀብት ናቸው። ማሕሙድ አሕመድም፣ በዛወርቅ አስፋውም፣ አስቴር አወቀም ትዝታን ተጫውተዋል፤ የሦስቱን ልዩነት በግጥሙ ውስጥ የሚፈልግ ሰው ግን የሚያገኘው ጥቂት ነው። ልዩነቱ ያለው ስንኙ በሚባልበት መንገድ ላይ ነው፦ ማን ስንኙን በአንድ ትንፋሽ ይጨርሰዋል፣ ማን የመጨረሻውን ፊደል እያወዛወዘ ያቆየዋል፣ ማን ከምቱ ጥቂት ዘግየት ብሎ ይገባል፣ ማን ከፍ ሲል ድምፁን ያጠብቃል፣ ማንስ ያላላዋል። ይህንን ለማየት ያልተዘጋጀ ዳሰሳ «ትዝታን አሳምራ ተጫውታዋለች» ከማለት አያልፍም፤ እሱም ለሦስቱም ሊባል የሚችል ነው።

ቃላቱ ግን አሉን። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬ ለኔ የሚሉት የአራቱ ቅኝቶች ስሞች ሙዚቃ ያልተማረ ሰው አፍ ላይ ሳይቀር አሉ፤ ዳሳሾቻችን ስማቸውን ይጠሩታል እንጂ ምን እንደሚሠሩ አይነግሩንም። ክራር በቤቱ ያለ ሰው አንድ ነገር ይሞክር። ክራሩን ባለሙያዎች ትዝታ ሜጀር በሚሉት፣ ማለትም ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ አድርጎ ይቃኘው፤ የሚያውቀውን አንድ ዜማም ይጫወትበት። ከዚያ ከአምስቱ ድምፆች ሦስተኛውንና አምስተኛውን፣ ሚንና ላን፣ በግማሽ ድምፅ ብቻ ያላላቸው፤ ይህ ትዝታ ማይነር የሚባለው ነው። ጣቶቹ የሚሄዱበት መንገድ አልተለወጠም፤ ዜማውም በመሠረቱ ያው ነው። ቅድም ናፍቆት የነበረው ግን አሁን ሐዘን ሆኖ ይመጣል። «ይህ ዘፈን ልብ ይነካል» ተብሎ በየዳሰሳው የሚጻፈው ነገር ብዙ ጊዜ የተደበቀው በእነዚህ ሁለት ግማሽ ድምፆች ውስጥ ነው። ሐያሲው ስንኙ በማይነር ሄዶ አዝማቹ ላይ ወደ ሜጀር ሲመለስ ሰምቶ ያንን ቦታ በጣቱ ቢያሳየን፣ አንባቢው ዘፈኑን ደግሞ ከፍቶ ቦታውን ይፈልገዋል፤ አለመስማማትም ይችላል።

እንዲህ ያለው አጻጻፍ አንባቢን ያርቃል የሚሉ አዘጋጆች አጋጥመውኛል። አንባቢያቸውን የሚያውቁት አይመስለኝም። በየኤፍ ኤሙ ስለ እንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ የሚተነትኑ ጋዜጠኞች አራት-ሦስት-ሦስት ከአራት-አራት-ሁለት በምን እንደሚለይ፣ የመስመር ተከላካዩ ወደ መሀል ሲገባ ምን ክፍተት እንደሚፈጠር ለሰዓታት ያወራሉ፤ ታክሲ ውስጥ የተቀመጠው ሁሉ ይከተላቸዋል፣ ይሞግታቸዋልም። ያ አድማጭ አሰላለፍን የተማረው ትምህርት ቤት ገብቶ ሳይሆን፣ በየቀኑ የሚያስረዳው ሰው ስላገኘ ነው። ስለ ቅኝትና ስለ ስልተ ምት በዚያው ትዕግሥት የነገረው ቢኖር ችክችካውን ከሌላው ምት ለመለየት ይቸገር ነበር ብዬ አላምንም፤ ትከሻው አስቀድሞ ያውቀዋል።

ይህን ሁሉ የምለው ከራሴ ስሕተት ተነሥቼ ነው። ከዓመታት በፊት ለአንድ መጽሔት በጻፍኩት የአልበም ዳሰሳ ውስጥ አንዱን ዘፈን «ክራሩ ጥንቱን ይዞ ይመጣል» ብዬ አሞገስኩት። ጽሑፉ ከወጣ ከወር በኋላ አልበሙን ያቀናበረው ሰው ስቱዲዮው እንድመጣ ጋበዘኝ። አልተቆጣኝም። ዘፈኑን ኮምፒውተሩ ላይ ከፍቶ ድራሙን ዘጋው፤ ቤዙን ዘጋው፤ ድምፃዊውን ዘጋው፤ አንድ መስመር ብቻ ቀረ። «እስቲ ስማው» አለኝ። ክራር ያልኩት ኪቦርድ ነበር። ብቻውን ሲሰማ ማንም ይለየዋል፦ እያንዳንዱ ምት እኩል ክብደት አለው፤ ጣት ክሩን ሲለቀው የምትሰማው ትንሽ ጭረት የለችም፤ ሁለት ጊዜ የተመታ አንድ ድምፅ ሁለቱንም ጊዜ ቁርጥ አንድ ነው። ከዚያ ሌላ ፋይል ከፈተልኝ። በእጅ የተመታ እውነተኛ ክራር ነበር። መጀመሪያ ያስቀረጸው እሱን እንደ ነበረ፣ ነገር ግን ክራር መቺው በጆሮው የቃኘው አንዱ ድምፅ ኪቦርዱ ላይ ባሉ በሁለት ቁልፎች መካከል እየወደቀ ከሌላው መሣሪያ ጋር አልስማማ እንዳለው፣ ሌላውን ሁሉ ከክራሩ ጋር አስማምቶ እንደገና ለመቅረጽ ደግሞ ገንዘቡም ቀኑም እንዳልነበረው ነገረኝ። «ሁለት ሳምንት እንቅልፍ የነሣኝ እሱ ነበር፤ ማንም አልሰማውም» አለ።

ያን ቀን የተረዳሁት ስለዚያ ዘፈን ብቻ አይደለም። ባንድ ሙሉ አባላቱን ይዞ ስቱዲዮ የሚገባበት ዘመን ካለፈ ወዲህ፣ አንድ ሰው በኪቦርድና በኮምፒውተር አልበም ሙሉ ሲያቀናብር የኖረበት ታሪክ፣ በጆሮ የሚቃኘው መሣሪያ አስቀድሞ ለተወሰነው ድምፅ ቦታውን የለቀቀበት ታሪክ፣ በዚያች አንድ መስመር ውስጥ ነበር። ለአንድ ሐያሲ ከዚህ የሚበልጥ ጉዳይ አይመጣለትም። እኔ ግን በላዩ ተራምጄ «ጥንት» ወደሚል ቃል ሄጄ ነበር።

ከዚህ ጋር የተያያዘው ሌላው ጉድለት አልበምን የድምፃዊው የብቻ ሥራ አድርጎ መጻፍ ነው። እ.ኤ.አ. በ1975 የተቀረጸውን የማሕሙድ አሕመድን «ኤሬ መላ መላ» ያለ አይቤክስ ባንድ ማሰብ አይቻልም፤ ባንዱ አንዲቱን ሐረግ ሳይታክት ያዞራታል፣ ማሕሙድ ደግሞ በዚያች መንኮራኩር ላይ ቆሞ ድምፁን እንደ ፈለገ ይዘረጋል። ባንዱ በየስንኙ ቢቀያየር ኖሮ ያ ድምፅ የሚደገፍበት መሬት አይኖረውም ነበር። ከዚያ ብዙ ዓመታት በኋላ የመጣውን አቀናባሪውን ኤልያስ መልካን ደግሞ እናስብ። የቴዲ አፍሮ «አቡጊዳ»፣ የዘሪቱ ከበደ የመጀመሪያ አልበም፣ የእዮብ መኮንን ሥራ፣ ሁሉም በእጁ አልፈዋል። ስለ ቅንብሩ በቁም ነገር የተጻፉትን ጽሑፎች ያነበብኩት ግን አብዛኞቹን በመስከረም 2012 ዓ.ም. ካረፈ በኋላ ነው። ከኅዘን የተነሣ የተጻፈ ምስጋና ደግሞ ሂስ ሊሆን አይችልም፤ በሕይወት እያለ አንዱ ቅንብር ከሌላው ለምን እንደ በለጠ ቢነገረው ምን ይመልስ እንደ ነበር አሁን ልንሰማው አንችልም። የዜማና የግጥም ደራስያንም ዕጣ ከዚህ ብዙ አይለይም። አበበ መለሰና ይልማ ገብረአብ የደረሷቸውን ሥራዎች በዘፋኞቹ ስም ብቻ የሚያውቅ አድማጭ ብዙ ነው፤ ዳሰሳዎቻችንም አላረሙትም።

አንዳንዴ ችግሩ ከቃሉ ይጀምራል ብዬ አስባለሁ። «ሂስ» ስንል በደርግ ዘመን ለኖረ ሰው የሚታወሰው የቀበሌና የመሥሪያ ቤት ስብሰባ ነው፤ «ሂስና ግለ ሂስ» የሚባለው፣ ሰው ተነሥቶ ጥፋቱን የሚናዘዝበት፣ ጓደኛው የሚያጋልጠው። ከዚያ በኋላ በመጣው ሥርዓት «ግምገማ» የሚለው ቃል ያንኑ ቦታ ያዘ፤ ተገምግሞ የወረደ ኃላፊ፣ ተገምግሞ የታገደ ሠራተኛ እያልን ኖርን። ስለ አንድ አልበም የምንጽፍባቸው ሁለቱ ዋና ቃላት እንዲህ ፍርድና ፍርሃት የተሸከሙ ስለሆኑ «ዳሰሳ» ወደሚለው ለስላሳ ቃል ሸሸን። ዳሰሳ ደግሞ እንደ ስሙ ሆነ፤ በእጅ ዳበስ አድርጎ ያልፋል። ዘፋኙም አንድ ድካሙ በጽሑፍ ሲነገረው የሚሰማው የጆሮ አስተያየት ሳይሆን የስብሰባ ውሳኔ ነው፤ ለዚህም ነው መልሱ ብዙ ጊዜ «ምቀኛ» የሚል የሚሆነው።

በዚህ ላይ የኑሮው ነገር አለ። የሙዚቃው ሠፈር ጠባብ ነው፤ ጸሐፊው ነገ ቃለ መጠይቅ የሚለምነው ዛሬ የተቸውን ሰው ነው። አልበም ለእንቁጣጣሽ ወይም ለፋሲካ ሲወጣ ስለ እሱ የሚወራበት የሬዲዮ ሰዓት የስፖንሰር ሰዓት ነው። ፕሮግራሙ የሚያልፈው አልበሙ በወጣ በማግስቱ ስለሆነ አቅራቢው አንድ ጊዜ እንኳ በቅጡ ሳይሰማው ይናገራል። የዩቲዩብ እይታም የሂስን ቦታ ወስዷል፤ «በሦስት ቀን ሚሊዮን ገባ» የሚለው ዜና የዘፈኑን ደግነት እንደሚያስረዳ ተቆጥሮ ይነበባል።

ጆሮን በሌላ ነገር መተካት ግን የእኛ ብቻ ሕመም አይደለም። የፈረንሳዩ ፍራንሲስ ፋልሴቶ ያዘጋጀው የ«ኢትዮፒክስ» ተከታታይ እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ሙዚቃችንን ለውጭው ዓለም ካስተዋወቀ ወዲህ የተጻፉ የእንግሊዝኛ ዳሰሳዎችን ስናነብ፣ «ምስጢራዊ»ና «እንደ ሕልም» የሚሉ ቃላት በየመሥመሩ ይመጣሉ። እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ በመጋቢት 2015 ዓ.ም. በኢየሩሳሌም በ99 ዓመታቸው እስኪያርፉ ድረስ፣ ስለ ፒያኗቸው ከተጻፈው የሚበዛው ስለ ምንኩስናቸው የተጻፈው ነው፤ ስለ ሙዚቃው ሲመጣም ከፈረንሳዩ የሙዚቃ ደራሲ ከኤሪክ ሳቲ ጋር አወዳድሮ ማለፍ የተለመደ ሆነ። ኃይሉ መርጊያ እ.ኤ.አ. በ1985 በአሜሪካ በአኮርዲዮንና በሲንተሳይዘር የቀረጸው ሥራ በ2013 እንደገና ሲታተም፣ በየጽሑፉ ቀድሞ የመጣው የዋሽንግተን ታክሲ ነጂነቱ ነበር። የታክሲው ታሪክ እውነት ነው፤ ልብም ይነካል። ግን አንድ አኮርዲዮን የማሲንቆን መንቀጥቀጥ እንዴት አድርጎ ሊያስመስል እንደሚሞክር አይነግረንም። የውጭው ጸሐፊ ምስጢር ያለው ነገር በእኛ ዘንድ ስም ያለው ቅኝት ነው። እሱ ስሙን ባለማወቁ ይቅርታ ሊደረግለት ይችል ይሆናል፤ እኛ ግን ስሙን እያወቅን ዝም ብለናል።

ከውጭ የመጣው ሌላው ልማድ ነጥብ መስጠት ነው፤ «ከአሥር ስንት ትሰጡታላችሁ?» የሚለው ጥያቄ አሁን በአማርኛም የተለመደ ሆኗል። በዚህ የታወቀው የአሜሪካው የሙዚቃ መጽሔት ፒችፎርክ እ.ኤ.አ. በ2003 ለአሜሪካዊቷ ዘፋኝ ለሊዝ ፌር አልበም ከአሥር 0.0 ሰጠ። ዳሰሳውን የጻፈው ሰው በ2019 በይፋ ይቅርታ ጠየቀ፤ መጽሔቱም በ2021 ነጥቡን ወደ 6.0 ከፍ አደረገው። አልበሙ በእነዚያ 18 ዓመታት አንድ ድምፅ አልተለወጠም። የሰሚው ጆሮ ከዕድሜው ጋር ሲለወጥ ያለ ነገር ነው፤ ጽሑፍ ቢሆን ሐያሲው ያኔ ምን ሰምቶ ምን እንዳልሰማ ተመልሰን ልናይ እንችላለን፤ ቁጥሩ ግን ይህን አይዝልንም።

ታዲያ የሚሰማ ጆሮ ያለው ማን ነው? ከያሬድ የሙዚቃ ትምህርት ቤት የወጡ፣ በባንድ ውስጥ ያረጁ፣ በስቱዲዮ የሚያድሩ ሰዎች አሉ። ባለፈው ዓመት አንድ የማከብረውን የቤዝ ጊታር ተጫዋች፣ በወቅቱ ስለ ወጣ አንድ አልበም እንዲጽፍ ለመንኩት። ቡና እየጠጣን በአንድ ሰዓት ውስጥ ስለዚያ አልበም የነገረኝ ነገር ከተጻፈው ሁሉ ይበልጥ ነበር፤ በሦስተኛው ዘፈን ድራሙና ቤዙ የት ቦታ እንደሚላቀቁ ጠረጴዛውን በጣቱ እየመታ አሳየኝ፤ ያ የሆነው ቤዙ ከድራሙ በፊት ለብቻው ስለ ተቀረጸ ነው አለኝ። «ይህንኑ ጻፈው» አልኩት። ጣቱን ከጠረጴዛው አነሣና «ቅዳሜ እኮ አብሬያቸው መድረክ ላይ እወጣለሁ» አለኝ።